አራተኛው ፊደል

አፉላ፣ ማክሰኞ፣ የሐምሌ ወበቅ መስኮቱን ሲያልበው፣
አሥራ አራት ሆነን ልንማር ተቀመጥን፤ ትምህርቱ ማድመጥ ነው።
ማድመጥ ደግሞ ምኑን ይማሩታል? ጆሮ ያለው ሁሉ
ያደምጥ የለም ወይ? አልኩኝ በልቤ፣ አልኩ እንደ ቀላሉ።

መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ንግግር የምታክም ራኒያ
ከናዝሬት የመጣች፣
ከሌሊት ፈረቃ ሳይተኛ የመጣ፣ አሁንም አሁንም የሚያዛጋ።

አሰልጣኟ ገባች። ኦርኒት ትባላለች።
ቀይ ጫማ ተጫምታ፣ ሶሉ እንደተገዛ ያለ፣ መሬት ያልነካው።
አንገቷ ዘንበል ይላል፣ እጇ በገዛ ፈቃዱ ይሄዳል፣
ድምፅ አላት፣ ቃል አይወጣውም፤
ዓይኗ ግን ይሠራል።

በእሷና በኔ መሐል ውኃ የመሰለ ሰሌዳ ቆመ፣
የዕብራይስጥ ፊደል በየዳሩ የተለጠፈበት።
እሷ ፊደሉን ታያለች፤ እኔ እሷን አያለሁ፤
ዓይኗ ያረፈበትን ጮክ ብዬ እጠራለሁ።
ልክ ከሆንኩ ሽቅብ ታያለች። ከሳትኩ ትጨፍናለች።
ነገር በዓይን ይገባል ሲባል ሰምቼ አድጌ፣
በዓይን እንደሚወጣ ማንም አልነገረኝ።

«ሺን?» ሽቅብ።
«ታቭ?» ሽቅብ።
«ዩድ?» ሽቅብ።
ገባኝ! ሽቲያ! የሚጠጣ! ሙቀቱ እኮ ነው፣ ጠምቷት ነው!
ብድግ አልኩ፤ ሰሌዳውን ለራኒያ አስታቅፌ
ውኃ ቀዳሁ፣ በረዶ ጨመርኩ፣ ስትሮ ሰካሁበት፣
ከከንፈሯ አስጠጋሁት።
ጨፈነች።
ገፋ አደረግሁት።
ጨፈነች፤ አልከፈተችም።

እኔ ከጥንትም እንዲህ ነኝ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ የቤቱ አስተርጓሚ፣
እግሬ ከወንበሩ ተንጠልጥሎ ወለሉ የማይደርስ።
አባቴ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አኑሮ ለሐኪሙ ያወራል።
ሕመሙን ከሥሩ ጀመረው፤ ከሱዳን መንገድ፣
ወንድሙን ካዘለበት ሌሊት፣
ክብደቱ በየትኛው ትከሻ ላይ እንደቀረ፣
ከወረደ በኋላም እንዴት እንዳልወረደ።
ሩብ ሰዓት ተናገረ።
ሐኪሙ ወደኔ ዞረ፦ «ምን አለ?»
«ትከሻዬን አመመኝ አለ።»
ቅባት ታዘዘለት።

አባቴ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣
ሆድ ይፍጀው ብሎ ባርኔጣውን አጠለቀ።
ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል።
ሃያ ዓመት ሙሉ ዱቄቱ ሲረግፍ አይቻለሁ።

«ቃሉ አላለቀም» አለችኝ ራኒያ በቀስታ።

ተመለስኩ። ሰሌዳውን አነሳሁ፤ ክንዴ ይንቀጠቀጣል።
ጠበቅኩ።
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ የሃይፋ አውቶቡስ አለፈ፣
ፈረቃ ያደረው ሰውዬ እንኳ ማዛጋቱን ተወ።
ጠበቅኩ።
ዓይኗ ተነሣ፤ ሰሌዳውን አቋርጦ ታችኛው ጥግ ላይ አረፈ።
«ኩፍ?»
ሽቅብ።
ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ነከስኩት።
«ሄ?»
ሽቅብ።

ሽቲካ።
ዝምታ።
የለመነችኝ ዝምታ ነበር፤
ከጥም የሚለየው በአንዲት ፊደል፣
እኔ ያቺን ፊደል በበረዶ ውኃ አጥለቀለቅኋት።

ሳቀች። መላ አካሏ ሳቀ፤ ቀይ ጫማዋ ወንበሩን ደበደበው።
ከዚያ ሌላ ጻፈች፤ አራት ደቂቃ ፈጀባት፣
አንዱንም ፊደል አልቀደምኳትም፦
«አሁን ውኃውን አምጪው።»
በረዶው ሟሙቶ ነበር።

ማታ አባቴ ዘንድ ደወልኩ።
«ያኔ ለሐኪሙ ስለ ትከሻህ ያልከውን
እንደገና ትነግረኛለህ?»
«ለምን?» አለኝ። ቀጥሎም «ወንድሜ...» አለና ቆመ።
ትንፋሹ ይሰማኛል። ቀጣዩን ቃል አውቀዋለሁ፤
አልጨረስኩለትም።